ስድስት ጠጠር

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት መጥቶ በሬን አንኳኳ። ጎንደር ውስጥ የእኔን በር የሚያንኳኳ ወይ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው ወይ የእድር ለፋፊ፤ ይሄኛው ግን ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል የባላገር አስተዳደግ እንዳለው ገባኝ። ዳዊት እባላለሁ፣ የኮሶ ምድር ሚካኤል ልጅ ነኝ አለኝ። የዚያን አገር ስም ከአፌ ካወጣሁት ሰባ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው፤ እሱ እቴ፣ ሻዩን ፉት እያለ እንደ ዋዛ ይጠራዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ እየተሠራ ነው፤ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ለምረቃው ቀን መጽሔት ይታተማል፤ በመጽሔቱ ላይም አገሩን ያቀናውና ቤተ ክርስቲያኑን የተከለው የገላዬ ዘር ከነልጅ ልጁ ይውጣ ተብሏል። የሚያውቅ ሽማግሌ ግን አልቋል። "አያቴ መኩሪያ ከማረፋቸው በፊት፣ አሟልታ የጻፈችው የአለሙ ልጅ ናት፣ ጽሕፈቷም ሸጋ ነበር፣ ጎንደር ሄዳችሁ እሷን ጠይቁ ብለውን ነበር" አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። መኩሪያ ከእኔ ያስታወሰው ጽሕፈቴን ብቻ ከሆነ እግዜር ይስጠው፤ ሌላም የሚያስታውሰው ነበረው። ልጁን በሳምንቱ ና ብዬ ሸኘሁትና ከአልጋዬ ሥር ሳጥኔን ጎትቼ አወጣሁ። ወረቀቱ እንዳለ አለ። ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጣልያን ወጥቶ አገሩ ረጋ ብሏል። እኔ ጎንደር አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማራለሁ። ከመንደራችን ፊደል የቆጠረች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነበርኩና ኩራቴ ለጉድ ነው፤ አንብቢልኝ ያላለኝን ሰው ሳይቀር መንገድ ላይ አስቁሜ ደብዳቤውን አነብለት ነበር። አባቴ አለሙ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር የሚያርስ ገበሬ ነው። መሬቱ ጭንጫ፣ ዳገት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን የሚወስድበት። ሌሊቱን ውርጭ የመታውን ገብስ ለማየት በማለዳ ወጥቶ፣ ቆሞ አይቶ ሲመለስ ትዝ ይለኛል።

ታላቅ እህቴ እናኑ ኮሶ ምድር ለመኩሪያ ተድራ ነበር። እናኑ መልከ መልካም ናት አትባልም፤ ግን ስትስቅ ሁለመናዋ ነው የሚስቀው። ምላሰኛ ናት፣ ማንንም አትምርም። ባሏን ደግሞ ትወደው ነበር። በዚያ አገር ሴት የባሏን ስም አትጠራም፣ "እሱ" ትላለች፤ እናኑ "እሱ" ስትል ከንፈሯን ገጠም አድርጋ ነው፣ ፈገግታዋን ሰው እንዳያይባት። በሁለተኛው ዓመት ጌጡን ወለደች።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በሠርጓ ዕለት ነው። አባቴ ልጁን አድርሶ ከአማቾቹ ጋር ጠላ እየጠጣ ሳለ ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ አየ። ጥቁር አፈር፣ ሜዳ፣ ድንጋይ የሌለበት። ያን ጊዜ እናቱ ትርንጎ በልጅነቱ "የእኛ አባት ኮሶ ምድርን ያቀናው ገላዬ ነው" ትለው የነበረው ትዝ አለው። የዘመኑ ደንብ የታወቀ ነው፤ አገሩን ካቀናው ሰው መወለዱን በእናትም ይሁን በአባት ቆጥሮ ያስመሰከረ ሰው ከርስቱ ድርሻ አለው። ሌላም ደንብ አለ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። ከሠርጉ በፊት ሁለቱም ወገን ዝምድና አለን ወይ ተባብሎ፣ የለንም ተባብሎ ነበር። አባቴ ያኔ ዝም ያለው ረስቶ ነው ወይስ አውቆ፣ እስካሁን አላውቅም። እግዜር ይማረው ልል እጀምርና እዚያ ላይ ስደርስ አቋርጠዋለሁ።

በጥር ወር አባቴ አንድ ቅል ማር ይዞ ጎንደር መጣ። ጸሐፊ ቢይዝ ጸሐፊ ወሬ ያወጣበታል፤ እኔ ግን የቤት ነኝ። ቆጠራውን ፈልጌ እንድጽፍለት ነው የፈለገው። የአባቴ ነገር ግልጽ ነበር፣ በንዴት እንኳ አልተናገረውም። ርስቱ ከገባለት ትምህርቴን እቀጥላለሁ፤ ካልገባለት እኔን ለማስተማር አቅም ስለሌለው ትክል ድንጋይ ከተማ ላለ አንድ ነጋዴ ይድረኛል። ነጋዴውን አይቼው ነበር። ሁለት ሚስት የቀበረ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሰው ነው። ያን ቀን ማታ እርሳሴን ቀርጬ ቀርጬ ጨረስኩት።

የትርንጎ እህት እማሆይ ጎንደር ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር እፍኝ በምታህል ጎጆ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ፈዟል፣ ጥርስ የላቸውም፣ ቆሎ በውሃ አርሰው ነው የሚበሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ ለካ ለዓመታት የጠየቃቸው ሰው የለም። እየተነፈሱ ቆጠሩልኝ፤ እናኑ የአለሙ፣ አለሙ የትርንጎ፣ ትርንጎ የብርቄ፣ ብርቄ የካሴ፣ ካሴ የወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሚካኤል የገላዬ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፣ ሦስቴም አልተዛነፈም። ለፋሲካ ዳቦ ይዤ ብሄድ ጎጆዋ ተዘግታለች፣ እማሆይ በሰሙነ ሕማማት አርፈዋል። አባቴ ከአያቱ ከብርቄ ወዲያ ያለውን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ያን ቆጠራ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ።

በግንቦት በጭነት ማኪና፣ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አባቴ በቅሎ ተውሶ ጠበቀኝና ግማሽ ቀን ተጉዘን፣ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ኮሶ ምድር ደረስን። የኮሶ ምድር ሰዎች ተቃውሟቸው አንድ ነበር፤ ገላዬ የወለደው ሁለት ወንድ ነው፣ ወለተ ሚካኤል የምትባል ሴት ልጅ አልነበረችውም ነው የሚሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ቄሰ ገበዙ ግን እውነተኛ ሰው ነበሩ። ወንጌሉን በጨርቅ ጠቅልለው እስከ ደጀ ሰላሙ አወጡልኝ። "እንዳትነኪ፣ እኔ እገልጥልሻለሁ፣ አንቺ አንብቢ" አሉኝ።

ቅጠሉን እየገለጡም የቦታውን ነገር አጫወቱኝ። ገላዬ በክፉ ቀን ሁለት በሬ እየነዳ ከወገራ መጥቶ የኮሶውን ጫካ መንጥሮ አቀና። በሦስተኛው ዓመት ልጅ ሞተበት። ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያ የለም፣ ሬሳውን አዝሎ አንድ ቀን ሙሉ ሄዶ ቀበረ። ሲመለስ በሬዎቹን ሳይጠምድ ተሳለ፤ ከእንግዲህ የእኔ ዘር ሬሳ ይህን መንገድ አይሄድም ብሎ። በሬ ሸጦ፣ ማሳ ለካህናት ቆርሶ፣ የሚካኤልን ታቦት ከጎንደር አስመጥቶ ተከለ። ይህን ሲሉኝ ዓይኔ በወንጌሉ ጠርዝ ላይ ነበርና አንድ ጆሮዬን ብቻ ነው የሰጠኋቸው። አገኘሁት። በቀይና በጥቁር ቀለም፣ ከማርቆስ ወንጌል ግርጌ፣ ገላዬ ከወንዝ ማዶ ያለውን ማሳ ለሴት ልጁ ለወለተ ሚካኤል እንደሰጠ፣ የነጠቃትም በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ እንዲሆን ተጽፏል። ጮህኩ መሰለኝ። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ፣ ጸሐፊዬ አለኝ። ከዚያ በፊት ስሞኝ አያውቅም ነበር።

ያደርነው እናኑ ቤት ነው። የመኩሪያ አባት አያ ፈንታ የተቃዋሚዎቹ ራስ ነበሩ፤ ቢሆንም አማች አማች ነውና በግ አርደው፣ እያጎረሱ አስተናገዱን። እናኑን ይወዷት ነበር፤ እሷ ካልቀዳችላቸው ጠላ አይጠጡም። እኔ ሰው ፊት እንዳልሳሳት ብዬ ጥግ ላይ ሆኜ ስሞቹን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለማመድ እናኑ ሰምታኛለች።

በነጋታው ማለዳ ውሃ ልንቀዳ ወረድን። እንስራውን እሷ ይዛ፣ ጌጡን እኔ አዝዬው። ሰባት ወሩ ነው፣ ፀጉሬን እየጎተተ ይስቃል። ምንጩ ጋ ስንደርስ እናኑ እንስራዋን አስቀምጣ ጣቶቿን ዘረጋች።

"ስድስት ነው" አለችኝ። "እኔ ከገላዬ ስድስተኛ ነኝ። እሱም ስድስተኛ ነው፤ አማቴ አባቶቹን እየቆጠረ ሲፎክር ስንቴ ሰምቻለሁ።"

እኔ፣ ያ ሁሉ ፊደል የቆጠርኩት፣ እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ርስት ርስቱን ሳይ ሰው አልታየኝም። እናኑ ማንበብ አትችልም፣ ግን አንድ ጊዜ ሰምታ ደረሰችበት።

"አንድ ስም ጨምሪልኝ" አለችኝ። "በካሴና በወለተ ሚካኤል መካከል አንዲት ሴት አስገቢ። በአንዱ ወገን እንኳ ሰባት ከሞላ ቄሶቹ ዝም ይላሉ። አባታችንም ርስቱን አይነጠቅ፣ እኔም ቤቴን አልነጠቅ። የሞተች ሴት ማን ይጠይቃታል?"

እማሆይ የነገሩኝን ነው የጻፍኩ፣ ጽሑፍ ላይ ውሸት አይጨመርም አልኳት። እንዲህ አፌን ሞልቼ። አስተማሪ ክፍል ውስጥ ሲናገር እንደሰማሁት አድርጌ ነው የተናገርኩ። እውነቱን ላውጣው፤ ውሸት ጠልቼ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ድንገት ቆጠራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ከአንድ ቦታ ብቅ ቢል፣ ስሙ የተጨመረ ነው ቢባል፣ ርስቱ ይቀራል፣ ትምህርቱም ይቀራል፣ የነጋዴው ድድ ታየኝ። ከእህቴ ቤትና ከእኔ ደብተር ደብተሬን መረጥኩ። ልጇን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው ይህን የመረጥኩ።

"ምነው?" አለችኝ። "ለእኔ እንኳ?"

ጌጡን ጀርባዬ ላይ አስተካከልኩት። እንስራዋን ሞላች፣ አዘለች፣ ወደ ቤት መንገድ ስንሄድ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ጉባኤው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ተቀመጠ። የወረዳው ዳኛ አሉ፣ ቄሰ ገበዙ አሉ፣ መንደሩ በሙሉ አለ፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ እናኑም ጌጡን በአንቀልባ አዝላ ከመካከላቸው። የወንጌሉ ጽሑፍ ተነበበ። አያ ፈንታ ግዝት ያለበትን ቃል አልካድም አሉ፤ ወለተ ሚካኤል ነበረች፣ ይሁን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቁጠሪ አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ከገላዬ በታች ያለውን እያንዳንዱን ስም ስጠራ እሳቸው ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ አንድ ጠጠር ያስቀምጣሉ። እኔ ስጨርስ የራሳቸውን ወገን ቆጠሩና ከጎኑ ሌላ መስመር ደረደሩ። በሁለቱም በኩል ስድስት ጠጠር። ሰው ሁሉ አየ፣ ሴቶቹ እንኳ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"አለሙ" አሉ አያ ፈንታ። "የገላዬ ልጅ ከሆንክ ማሳውን ውሰድ። ግን ልጅህ ለልጄ እህቱ ናትና እሷንም ይዘሃት ሂድ። ካልሆንክ ወረቀቱን ቅደድና ምራቴ ምራቴ ሆና ትኑር።"

እቀደዋለሁ ይላል ብለው ነው የተናገሩት። ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፣ የቀልድ ያህል ፈገግ ብለው ነበር። ሚስትን ከባሏ፣ ልጅን ከእናቱ የሚለይ አባት አለ ብለው አላሰቡም። አባቴ ቀና ብሎ ማዶ ተመለከተ። ማሳው ከዚያ ይታያል፤ የበልግ ዝናብ ጥሎበት አፈሩ ጠቁሯል። እኔ ወረቀቱን በእጄ እንደያዝኩ ነኝ። አንድ ስም ዘልያለሁ፣ ይቅርታ፣ ማለት እችል ነበር። ማንም ያምነኝ ነበር። ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው ይሉኝ ነበር። እናኑ ከሰው ሁሉ በላይ አሻግራ ታየኝ ነበር፣ አባቴን አይደለም፣ እኔን። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"የገላዬ ልጅ ነኝ" አለ አባቴ።

አያ ፈንታ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሰው ፊት የወጣ ቃል መልሶ አይዋጥም፣ ቄሰ ገበዙም ስድስት ቤት መሆኑን ከሰሙ በኋላ ዝም ማለት አይችሉም። ጋብቻው ፈረሰ፣ ንስሐ ታዘዘ። አማቷ ከኋላ መጥታ የአንቀልባውን ማሰሪያ ፈታች፤ ልጁ የቤታችን ነው አለች። ጌጡ ተኝቶ ነበር፣ ሲነሳ እንኳ አልነቃም። እናኑ ባዶውን አንቀልባ በእጇ እንደያዘች ወደ ወንዶቹ ገባች። ሴት በማትገባበት ገብታ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን በስሙ ጠራችው።

"መኩሪያ።"

መኩሪያ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ቀና አላለም። ሁለተኛ አልጠራችውም።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ረዝሞ አይነገርም። እናቴ ጡቷን በመቀነት አስራላት፤ እሷ ጓሮ እየሄደች ወተቱን አፈር ላይ ታልብ ነበር። አባቴ ማሳውን በሰኔ ዘራው። በአዲስ ርስት ላይ ሰው ካልቆመበት ይነጠቃልና ጎጆ ቀልሶ የሚጠብቅ አስፈለገው። እኔ ተማሪ ነኝ። እናኑን አስቀመጣት። ከጎጆዋ ደጅ ሲቆሙ ከወንዙ ማዶ የመኩሪያ ቤት ጣሪያ፣ ጢሱም ሳይቀር ይታያል። ትምህርት ተዘግቶ በክረምት ስሄድ እሷ ገብስ ታርም ነበር፤ ከስታለች፣ ግን እየቀለደች ነው የተቀበለችኝ፣ ጸሐፊያችን መጣች አለች።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ላይ ሳይነሳ አብረን እያረምን ሳለ ከማዶ ዋይታ ተሰማ። ማን ይሆን አለች እናኑ፣ ቀጥ ብላ። አያ ፈንታ ታመው ነበርና እሳቸው ይሆናሉ አልን። ከዚያ የአማቷ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፣ ስም እየጠራ። ጌጡ ነበር። የላም ወተት አልተስማማው ኖሮ ሆዱን ሲያመው ከርሟል፤ እኛ ዘንድ የላከ ግን የለም።

ሮጠን ወረድን። ወንዙ ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ይሄዳል፣ ዛፍ ነቅሎ ያንከባልላል። መሻገር የለም። እናኑ ዳር ላይ ቆመች። የሕፃን ቀብር አይረዝምም። በዚያኛው ዳገት ጥቂት ሰዎች አንዲት ትንሽ ጥቅልል ይዘው ከቤቱ ወጥተው ወደ ሚካኤል ሲገቡ አየን። ሩቅ አልነበረም፣ ትንሽ ነው የሄዱ። ገላዬ ስለቱ ደርሶለታል አልኩ በሆዴ፣ ምን ዓይነት ልብ እንደሆነ የእኔ ልብ እንጃ። ሰዎቹ እስኪመለሱ ቆመን ተመለስን። እናኑ የጀመረችውን ማሳ እስኪመሽ አረመች።

እኔ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። መኩሪያ ሌላ አገባ። አባቴ ማሳውን እያረሰ፣ ጎተራውን እየሞላ፣ ደስ ብሎት ሞተ። ከዓመታት በኋላ የርስት ነገር በአዋጅ ሲቀር ማሳው ለሌላ ታደለ፣ አንድ ጋት እንኳ አልቀረልንም። እናኑ አላገባችም፤ ጎንደር መጥታ እኔ ዘንድ ኖራ፣ በኋላ መንኩሳ ሞተች። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ምንጩ ነገር አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሳችብኝ። እኔ የተማሪዎች ፈተና አርማለሁ፣ እሷ ምስር ትለቅማለች።

"አንቺ፣ አንድ ነጥብ ጎድሎት የሚወድቅ ልጅ ሲያጋጥምሽ ትጨምሪለታለሽ?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አልጨምርም አልኳት። ውሸቴን ነው። ሁልጊዜ እጨምር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነጥብ የጎደለው ልጅ ከእኔ እጅ ወድቆ አያውቅም። ለምን ያን እንዳልነገርኳት አላውቅም። እሷ ሳቅ አለችና ምስሯን ለቀመች።

በሳምንቱ ዳዊት መጣ። ቆጠራውን በአዲስ ወረቀት ገልብጬ ጠበቅሁት፤ ሸጋ የተባለው ጽሕፈት አሁን የለም። ልጁ በስልኩ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ከገላዬ በታች ያሉትን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። እኔም አብሬው ቆጠርኩ።

"ሰባት" አለ። "አያቴ ስድስት ነው ይሉ ነበር።"

"አያትህ አንድ ዘለዋል" አልኩት።

"ይቺ በካሴና በወለተ ሚካኤል መካከል ያለችው፣ እናኑ የምትባለው ማን ናት?"

የወለተ ሚካኤል ልጅ ናት፣ የካሴ እናት፣ አልኩት አፌን ሞልቼ። እሺ እትዬ ብሎ ፎቶውን አነሳ፣ አመሰገነኝ፣ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሻዬን ሳነሳ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።